ያልረጠበው ማሽን

አንለይ በገዛ ጌም ቤቱ ውስጥ፣ ቁርጭምጭሚት በሚያልፍ ጭቃማ ውኃ ላይ በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ቀኝ እጁ ማከፋፈያ ሶኬቱን እንደ ጨበጠ ነበር። ጫማው ግን ውኃው ያልደረሰበት የሲሚንቶ ደረጃ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ ደረቅ ነው፣ ካልሲው ተጠቅልሎ ውስጡ ገብቷል። ሞት የሚጠብቀው ሰው ካልሲ አይጠቀልልም፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

ወሩ ነሐሴ ነበር። የርብ ወንዝ ከአፉ ወጥቶ ሜዳውን አልብሶታል። ክረምት በገባ ቁጥር ፎገራ ባሕር ይሆናል፤ ሩዙ ይጠግባል፣ ሰው ይሰጋል። የወረታ ሰው ሬሳውን ባየ ጊዜ «መብራት ገደለው» አለ፤ ሐኪሞቹም ጥቂት ቀን አቆይተው መርምረው ያንኑ አሉ። ተቀበረ። ነገሩ እዚያ ላይ ባበቃ ነበር፣ የሟች ታላቅ ወንድም እንግዳው ባይኖር።

እንግዳው ከይፋግ ወዲህ የሚያርስ ገበሬ ነው። በቀብሩ ላይ ሁሉ ሲያለቅስ እሱ ዓይኑ ደረቅ ነበር። አፈር ተመልሶ ሲያበቃ፣ «እኔ ለወንድሜ አላለቅስም» አለ ሰው እየሰማው። «የሚያለቅስ ሌላ ቤት አለ።»

ከቀብር በቀጥታ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። እዚያ የተቀበለችው መርማሪ ይርጋለም ነበረች፤ የሐሙሲት ልጅ፣ ቀጠን ያለች፣ ጥያቄዋ አጭር፣ ዝምታዋ ረዥም።

«ወንድሜን የገደለው ቻላቸው ነው» አላት። ቻላቸው የጌም ቤቱን ኮምፒውተሮች የሚጠግን፣ የመብራቱንም ገመድ የዘረጋ ወጣት ነው።

«በምን አወቅህ ወንድሜ?»

«የዚያን ዕለት ጠዋት ተጣሉ። አንለይ በተጫዋቾቹ ፊት በጥፊ መታው። ያም ‹ይሄን እጅህን መብራት ይንቀለው› አለው። ማታውን ያው እጁ መብራት እንደ ያዘ ሞተ። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«እርግማን ሰው የሚገድል ቢሆን ወረታ ላይ ሰው አይተርፍም ነበር።»

«አትቀልጂብኝ እህቴ። እስከ ሰልስት እጠብቃለሁ። ከሰልስት በኋላ የምጠብቀው የለኝም።»

ይርጋለም ወንበሯን ወደ እሱ ሳበች። «ጠመንጃህ የት ነው?»

«ከእኔ ጋራ ነው የሚያድር።»

«እስከ ሰልስት ለመሪጌታ ኃይለ ሚካኤል አደራ ስጥልኝ። እኔም እስከ ሰልስት መልስ እሰጥሃለሁ።»

መሪጌታ የእንግዳው አባት የነፍስ አባትና ወዳጅ ናቸው፤ እምቢ ለማለት ከበደው። «እስከ ሰልስት» አለ። «ከዚያ አደራዬን እቀበላለሁ። ያን ጊዜ መንገዴ ላይ እንዳትቆሚ።»

ይርጋለም ቻላቸውን ያን ዕለት አሰረችው። ሰው ሁሉ «ያዘችው» አለ። እሷ ግን ከመቃብር አፋፍ ላይ ማንሣቷ ነበር።

*

በማግስቱ ጠዋት የሟች ሚስት ማናዬ ቁልፍ ይዛ ጌም ቤቱን ለይርጋለም ከፈተችላት። ጥቁር ነጠላዋ አገጯ ድረስ ተጠቅልሏል። ውኃው ጎድሎ፣ ደለሉ መሬቱ ላይ እንደ ቂጣ ተሰነጣጥቋል።

ይርጋለም የበሩ ደፍ ላይ ቆማ ቤቱን አየችው። ስክሪኖቹ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል። የኮምፒውተሮቹ ሳጥኖች ከታች፣ ግድግዳውን ይዞ በተዘረጋ ሳንቃ ላይ ተቀምጠዋል፤ በሁሉም ላይ ውኃው የደረሰበት የጭቃ መስመር አለ። አንድ ሳጥን ብቻ ከስክሪኑ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ወጥቷል። እሱ ላይ ጭቃ የለም።

ጎንበስ አለችና ከሳንቃው አንዱን ሳጥን አነሣች። ሥሩ ያለው ሳንቃ ንጹሕ ነው፤ ደለል አልገባበትም። ጠረጴዛ ላይ የወጣው ሳጥን ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ግን እንደ መሬቱ ደለል ለብሷል።

«ይሄን ማን አነሣው?»

«እንጃ እቴ። አሁን ገና ማየቴ ነው።»

«ባለቤትሽ አንሥቶት ይሆን?»

«እሱ ቢሆን ሁሉንም ነበር የሚያነሣ። እሱ እኮ ለዕቃ...» ማናዬ ቃሏን ዋጠች።

ይርጋለም አላስጨነቀቻትም። ወደ ግድግዳው አሳየች፤ ከፍ ብሎ የተመታ ባዶ ሚስማር አለ። «ይህስ?»

«የማከፋፈያው ነው። ካለፈው ክረምት ወዲህ ውኃ እንዳይደርስበት ቻላቸው እዚያ ሰቀለው። ጠዋት ተሰቅሎ ነበር። ሬሳው ሲገኝ ግን መሬት ነው የነበረው።»

«የዚያን ዕለት ከሰዓት የት ነበራችሁ?»

«ጠዋት ቤቱ በተጫዋች ሞልቶ ነበር። ቀትር ላይ ዘግተን ሁለታችንም ለፍልሰታ ቅዳሴ ሄድን። ዝናቡ ሲበረታ እሱ ቀድሞኝ ወጣ፤ ‹ዕቃዬ› ብሎ።»

«የኋላው በርስ?»

«አይቆለፍም። ግቢያችን ከአያ መንግሥቴ የሩዝ መፈልፈያ ጋራ አንድ ነው። ብናኙ እኮ ነው የጨረሰን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ማሽኖቹን ሁሉ ነቅዬ፣ ጠርጌ፣ መልሼ እሰካለሁ።»

ይርጋለም ልትወጣ ስትል ዘወር አለች። «አንለይ ውኃ ውስጥ እንዲህ ዘሎ የሚገባ ሰው ነበር?»

ማናዬ ራሷን ነቀነቀች። «ኧረ! መብራት እንደ እባብ ነበር የሚፈራ። ውኃ ካየ ደፉ ላይ ቆሞ ‹መብራቱን አጥፉ!› ብሎ ይጮኻል። ‹ጠፍቷል› ሳይባል እግሩን አይነክርም።»

*

አያ መንግሥቴን ሩዝ መፈልፈያው ውስጥ አገኘችው። ሽበቱና ቅንድቡ በሩዝ ብናኝ አንድ ሆነዋል። ሞተሩን አጥፍቶ በርጩማ ሰጣት፤ አልተቀመጠችም።

«ሬሳውን ያገኙት እርስዎ ነዎት አሉኝ።»

«እኔ ነኝ ልጄ። የሁለታችንም ቆጣሪ እዚህ እኔ ዘንድ ነው፤ ያው ከራስሽ በላይ። ወድቆ ሳየው ሮጬ ብሬከሩን ጣልኩት፤ መብራቱ ጠፋ። ከዚያ ጮህኩ።»

«ከመውደቁ በፊት ‹መብራት አጥፉ› ብሎ ሲጮህ አልሰሙትም?»

መንግሥቴ ወደ ጣሪያው አመለከተ። «ዝናብ ይሄን ቆርቆሮ ሲደበድበው የገዛ ሐሳብሽን አትሰሚም።»

«ኮምፒውተር ይነካካሉ?»

ሳቀ። «እኔ? ስልክ እንኳ ሰው ነው የሚደውልልኝ።»

«ቻላቸውን እንግዳው ሊገድለው ነው።»

ሳቁ ጠፋ። ጆንያ ላይ የነበረውን ብናኝ በመዳፉ ጠረገ፤ የተጠረገውን ደግሞ መልሶ ጠረገው። «ምን ላድርግ ልጄ። ደም ነው። እግዜር ያውቃል።»

*

ቻላቸውን ከእስር አስወጥታ ወደ ጌም ቤቱ ያመጣችው በሰልስቱ ዋዜማ ነው። ልጁ ዓይኑ ጎድጉዷል፤ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጣል።

«ውኃ ያልነካው ይሄ ብቻ ነው። አብራልኝ» አለችው።

«ለምን?»

«ሌሎቹ ረጥበዋል፤ እሱ ደርቋል። ደረቅ ምስክር እወዳለሁ።»

ቻላቸው አዲስ ማከፋፈያ አምጥቶ አበራው። የመኪና እሽቅድድም ጨዋታ ከፈተ። መኪናዋ ግን እንደ አንካሳ እያነከሰች፣ እየቆመች፣ እየዘለለች ትሄዳለች። ልጁ እስሩን ረሳው።

«እንዴ! ይሄ እኮ የአሸናፊ ማሽን ነው! ከቤቱ ሁሉ ጠንካራው ግራፊክስ ካርድ ያለው እዚህ ውስጥ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት እኮ ይበር ነበር!»

«አሁን ምን ነካው?»

ቁልፎቹን ጫን ጫን አደረገና የማሽኑን የሥራ መጠን የሚያሳየውን ገጽ ከፈተ። «ይመልከቱ። ግራፊክስ ካርዱ ከመቶ ሁለት እንኳ አይሠራም። ፕሮሰሰሩ ደግሞ ትንፋሹ ሊወጣ ነው።»

«እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ በእርሻ ንገረኝ።»

«አንድ የፎገራ ሰንጋና አንድ ወይፈን አለዎት እንበል፤ ሰንጋው የጨዋታውን ምስል የሚሠራው ካርድ፣ ወይፈኑ ፕሮሰሰሩ ነው። ሰንጋው ጥላ ሥር ተኝቶ ያመሰኳል፤ ወይፈኑን ብቻውን ጠምደው ያርሱበታል።»

«ሰንጋው ታሞ ይሆን?»

«እሱን ነው የምናጣራው።» ሙቀቱን አየ፤ ቀዝቃዛ ነው። የሳጥኑን ጎን ከፈተ፤ ማናዬ የጠረገችው ነውና ብናኝ አልያዘውም። ካርዱን የሚያናግረው ድራይቨር በቦታው አለ። የመብራት ቁጠባው ጠፍቷል። ጨዋታው ላይም ፍጥነት የሚገድብ ነገር አልተደረገም። «ሰንጋው ጤነኛ ነው» አለ ራሱን እያከከ። «ሥራ የሚያደርስለት ነው የጠፋ።» ከዚያ አንገቱን አስግጎ የሳጥኑን ጀርባ አየና፣ ከታሰረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «ኤዲያ! ይሄን የሰካ ማን ደንቆሮ ነው?» እጁን ሰደደ።

«እንዳትነካው!» አለች ይርጋለም።

ልጁ እጁን እንደ ተቃጠለ ሰው ሰበሰበ።

«አሳየኝ እንጂ አትንካው።»

«ሁለቱ ቀዳዳዎች ይታዩዎታል? መልካቸው አንድ ነው። ላይኛው የዋናው ቦርድ ነው፣ ታችኛው የካርዱ። የስክሪኑ ገመድ ካርዱ ላይ ካልተሰካ ምስሉ በላይኛው ያልፋል፤ ካርዱ ተኝቶ ይውላል። ስክሪኑ ግን ይበራል። የማያውቅ ሰው በትክክል የሰካ ይመስለዋል።»

«አንለይ ይሳሳተዋል?»

«እሱ ነው እኮ የገጣጠመው! ዓይኑን ጨፍኖ ይሰካዋል።»

«ማናዬስ?»

«እትዬ ማናዬ አንድ ጊዜ ተሳስተው ተጫዋቹ ሁሉ ጮኸባቸው። ከዚያ ወዲህ ታችኛው አጠገብ በጥፍር ቀለም ምልክት አደረጉ። ይኸው።» እውነትም ከታችኛው ቀዳዳ ጎን ቀይ ነጥብ አለች።

ይርጋለም ቀይዋን ነጥብ ጥቂት አየቻት። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «አሸናፊ ማነው?» አለች።

ልጁ ወደ ጓሮው በር ተመለከተ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የአያ መንግሥቴ ልጅ ነበር። አንድ ልጁ። በዚህ ማሽን ላይ ማንም አያሸንፈውም ነበር፤ ለዚያ ነው የአሸናፊ ማሽን የምንለው። ባለፈው ክረምት ውኃው በድንገት ሲመጣ አንለይ ታንኳ ይዞ መጣ። አሸናፊ ከውስጥ ማሽን ያቀብለዋል፣ እሱ ይጭናል። ታንኳው ሞላ። አንለይ ‹ዕቃውን አድርሼ እመለሳለሁ፣ ጠብቀኝ› አለው። ሲመለስ የጭቃው ግድግዳ አሸናፊ ላይ ተንዷል። ሽማግሌ ገባ፤ ታረቁ። አያ መንግሥቴ መስቀል መትተው ‹ትቼዋለሁ› አሉ። እናቱ ግን ዓመት አልቆየችም።»

«የዚያን ዕለት ጠዋት አንለይ ለምን መታህ?»

«‹ወንዙ እየሞላ ነው፣ ሳጥኖቹን ጠረጴዛ ላይ እናውጣ› አልኩት። ‹ቆይ› አለኝ። ‹ያለፈው ክረምት አልበቃህም ወይ?› አልኩት። ያኔ መታኝ። እኔም ያን ክፉ ቃል ተናገርኩ።»

*

በሰልስቱ ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞላ። ጸሎት ተደርሶ፣ ዝክሩ ተቀምሶ ካበቃ በኋላ ይርጋለም ቻላቸውን ይዛ ገባች። ለቀስተኛው ተንሾካሾከ። እንግዳው ከተቀመጠበት ተነሣ። መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል በጋቢያቸው ሥር ያለውን ጠመንጃ በክንዳቸው ጠበቅ አደረጉት።

«ሰልስት ነው» አለ እንግዳው።

«ሰልስት ነው» አለች ይርጋለም። «ቃሌን ይዤ መጥቻለሁ። ተቀመጥና ስማኝ፤ ከማውቀው ልጀምር። መብራት ሰው እንደ ገደለ አውቃለሁ። ማን እንዳበራው ነበር የማላውቀው። አንለይ ጫማውን አውልቆ፣ ካልሲውን ጠቅልሎ ነው የገባው። ሚስቱ እንደ ነገረችኝ ‹ጠፍቷል› ሳይባል እግሩን አይነክርም። ስለዚህ አንድ ሰው ‹ጠፍቷል፣ ግባ› ብሎታል። እሱም የሚያምነውን ድምፅ ሰምቶ፣ ተረጋግቶ ገባ። ማከፋፈያውን ውኃ ውስጥ አየው፤ ሊያነሣው ጎንበስ አለ። ያኔ መብራቱ በራ።»

«ማከፋፈያውን መሬት የጣለው ማነው ታዲያ? ገመድ ዘርጊው እያለ!» አለ እንግዳው።

«ከሚስማሩ ያወረደው ሰው፣ በዚያው ሰዓት ሌላም ነገር አድርጓል። አንድ ማሽን አንሥቶ ጠረጴዛ ላይ አወጣ። ጭቃ አልነካውም፤ ስለዚህ የተነሣው ውኃው ሳይገባ ነው። አንለይ የመጣው ውኃው ከገባ በኋላ ነው፤ እሱ አይደለም። የዚህ አገር ሰው ውኃ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያነሣው ምንድነው?»

«እህሉን» አለ አንዱ። «ጥጃውን» አለች አንዲት ሴት። ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ልጁን» አሉ፤ ያሉትም ወዲያው ቆጫቸው።

«የወደደውን ያነሣል» አለች ይርጋለም። «ያ ሰው ሊገድል ገብቶ፣ የወደደውን አየና እጁ ሳያስበው አነሣው። ገመዱ አጭር ስለሆነ ነቀለው። ማንም እንዳይጠረጥር ደግሞ መልሶ ሰካው። የስክሪኑን ገመድ ግን በላይኛው ቀዳዳ ሰካው። ቻላቸው ቢሆን አይሳሳተውም፤ ሥራው ነው። ማናዬ ብትሆን በገዛ እጇ ቀይ ምልክት አድርጋበታለች። አንተ፣ እንግዳው፣ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ርብ ዳር ከአገር ሰው ጋራ ጆንያ አሸዋ ስትደረድር ነበርክ፤ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ስለዚህ ኮምፒውተር የማያውቅ ሰው ነው፤ ግቢው ውስጥ የሚውል ነው፤ ብሬከሩ እጁ ላይ ነው፤ ድምፁን አንለይ የሚያምነው ነው። ከማሽኖቹ ሁሉ ደግሞ አንዱን ብቻ፣ የአሸናፊን ማሽን፣ ውኃ እንዲነካው ያልወደደ ነው።»

ሰው ወደ መንግሥቴ ላለመዞር ብሎ መሬት መሬት አየ።

መንግሥቴ አልተንቀሳቀሰም። «ማሽን ስላነሣ ሰው ገዳይ ይባላል ልጄ?» አለ በዝግታ።

«አይባልም አያ መንግሥቴ። የሚያስርዎት ማስረጃ ይሄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዳኛ ይለቅዎታል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ።» ቻላቸውን ትከሻውን ይዛ ወደ ፊት አመጣችው። «ይሄም የሰው ልጅ ነው። ባልሠራው ደም ውስጥ ቆሞ፣ የሚያወጣው ሰው ሲጠብቅ ሰነበተ። እውነቱን እርስዎ ብቻ ያውቁ ነበር። በዚህ ጊዜ ታንኳው በእርስዎ እጅ ነበር። ትተውት ሄዱ፤ ልክ እንደ አንለይ።»

ያን ጊዜ የመንግሥቴ ፊት ዝናብ እንደ ጠገበ ግድግዳ ተናደ።

«እንደ አንለይ አትበይኝ!» አለ። ጩኸቱ ድንኳኑን አራደው። ከዚያ ድምፁ ሞተ። «እንደ አንለይ አትበይኝ። እኔ... አዎ። እኔ ነኝ።»

መሪጌታ አማተቡ። «መንግሥቴ፣ መስቀሌን መትተህ!»

«አፌ ነው የመታው አባ፣ ልቤ እዚያ አልነበረም። ልጄ ‹ጠብቀኝ› ተብሎ ጠበቀ። ቃል አምኖ ሞተ። አንለይም ቃል አምኖ እንዲሞት ፈለግሁ። ያን ዕለት ወንዙ ሲሞላ ‹ዛሬ ነው› አልኩ፤ ለዕቃው እንደሚሮጥ አውቃለሁ። ደፉ ላይ ቆሞ ‹አያ መንግሥቴ፣ መብራቱን!› አለኝ። ‹ጠፍቷል ልጄ፣ ግባ› አልኩት። ‹ልጄ› አልኩት! ጠፍቶም ነበር። በጓሮው በር እያየሁት ጎንበስ ሲል አበራሁት።»

«ማሽኑንስ ለምን አነሡት?» አለች ይርጋለም፤ ድምፅዋ አሁን ለስልሷል።

«የልጄ ጣት ያረፈበት ነው። ሁለተኛ ጊዜ ውኃ ይውሰደው?»

እንግዳው በሰው መካከል እየረገጠ መጣና እጁን ዘረጋ። «መሪጌታ፣ አደራዬን።»

«ልጄ እንግዳው...»

«ሰልስት አልፏል። አደራ አደራ ነው። አምጡ!»

ይርጋለም በመካከላቸው ገባች። መንግሥቴ ግን በመዳፉ ገፋ አደረጋት።

«ተዪው፣ ይምጣ። እንግዳው፣ በቀብሩ ላይ ያልከውን ሰምቻለሁ። ‹የሚያለቅስ ሌላ ቤት አለ› አልክ። እኔ ቤት ግን ገብተህ እይ። የሚያለቅስልኝ ልጅ የለኝም። የምታለቅስልኝ ሚስት የለችኝም። ወንድምህ ጨርሶታል። ብትገድለኝ ማንን ታስለቅሳለህ?»

የእንግዳው እጅ በአየር ላይ ቀረ። ጣቶቹ አንድ በአንድ ታጠፉ። የሚገድለው ሰው ፊቱ ቆሟል፣ በቀሉ ግን የሚያርፍበት ቦታ አጣ። ከዚያ ልጆቼ፣ ያ በወንድሙ መቃብር ላይ ዓይኑ ያልራሰ ሰው፣ ድንኳኑ መካከል በጉልበቱ ወደቀና እንደ ሕፃን ጮኾ አለቀሰ። ለማን እንደሚያለቅስ እሱም ያወቀ አይመስለኝም።

መንግሥቴን ይዘውት ሄዱ። በሩዝ መፈልፈያው ደጃፍ ሲያልፍ ወደዚያ አልተመለከተም፤ ወደ ጌም ቤቱ መስኮት ግን አየ።

ለቀስተኛው ሲበተን ቻላቸው ወደ ጌም ቤቱ ገባ። የስክሪኑን ገመድ ከላይኛው ቀዳዳ ነቅሎ ቀይዋ ነጥብ አጠገብ ሰካው። ጨዋታውን ከፈተ። ተኝቶ የሰነበተው ካርድ ነቃ፤ ማራገቢያው ጮኸ፣ መኪናዋ በረረች። ቻላቸው ተቀምጦበት በማያውቀው የአሸናፊ ወንበር ላይ ሆኖ፣ ባለቤቱን የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

ማናዬ ደፉ ላይ ቆማለች። «አጥፋው ልጄ» አለች። «ከቆጣሪውም አጥፋልኝ።»

ቻላቸው በጓሮ ዞሮ ሄደና ብሬከሩን ጣለው። ቤቱ ጸጥ አለ።

«ጠፍቷል እትዬ፣ ይግቡ» አላት።

መሬቱ ደርቋል። ውኃ የሚባል የለም። ማናዬ ግን አንድ እግሯን አንሥታ፣ መልሳ አሳረፈችው፤ ደፉን ሳትሻገር እዚያው ቆማ ቀረች።